ደሴ ላይ ቀልጦ ሚሌ ላይ የማይቀልጥ ዱቄት

(ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። ዝናብ ያደረበት የሰኔ ጠዋት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገና መከፈቱ ነው።)

አንድ መምህር ፈተና ሊያባዙ መጥተዋል። መጀመሪያ የወጣውን ገጽ አነሱና በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉት። «ተራ ቁጥር 3» የሚለው ጣታቸው ላይ ቀረ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ግራጫ ጥላ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ይለቃል እኮ!»

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን «ቶነሩ ፎርጅድ ነው» እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ቶነሩ ጥሩ ሆኖ ሙቀት አንሶት ነው።

ቶነር፣ ማሽኑ የሚያትምበት ጥቁር ዱቄት፣ ቀለም ብቻ አይመስላችሁ። አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የላመ ጥላሸት፣ ትንሽ ሰም፣ ኤሌክትሪክ እንዲይዝ የሚረዳው ቅመምም አለው። አንዷ ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ብትሆን ነው። በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ አሥር ያህሉ ጎን ለጎን ይደረደራሉ።

ይህ ዱቄት በኤሌክትሪክ ተስቦ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ያርፋል እንጂ አይጣበቅም። እዚያው ላይ እፍ ብትሉት ይበናል። የሚያጣብቀው ፊውዘሩ ነው፤ አንዱ የጋለ፣ ሁለት ተጫጭነው የሚዞሩ ሮለሮች። በተለመደው ማሽን ሙቀቱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ወረቀቱ በመሃላቸው የሚያልፈው ግን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ፕላስቲኩ በዚያች ቅጽበት መለስለስ፣ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ መግባትና መያዝ አለበት።

እርጥበት የጠጣ ወረቀት ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ መጀመሪያ ውኃውን ያደርቃል። ለቶነሩ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ እንደማፍሰስ ነው።

(ምስል፦ የጋለ ሮለር፣ በቅርበት።)

ነገሩ ከመጀመሪያውም የሙቀት ጉዳይ ነበር። ቼስተር ካርልሰን በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያውን ደረቅ ኮፒ ሲሠራ፣ የዕፅዋት ብናኝ ነስንሶ፣ ሰም የተቀባ ወረቀት ተጭኖበት፣ ሰሙን በሙቀት አለስልሶ ነው ምስሉን የያዘው።

ታዲያ ለምን በቀላሉ የሚቀልጥ ፕላስቲክ አይመርጡም? ፕሪንተር መብራት የሚበላው በዋናነት ፊውዘሩን ለማጋል ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቶነር ማለት ቶሎ የሚነሳ ማሽን፣ ያነሰ ወጪ ማለት ነው። መብራቱ ለሚወርድበት ኮፒ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩን ቅቤ ያስረዳችኋል። ደሴ ላይ ቅሉ ውስጥ ድርቅ ያለው ቅቤ ባቲ ገበያ ሲደርስ ይፈሳል። የቶነር ፕላስቲክም መለስለስ የሚጀምረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ካርቶኑ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በሞቃታማዋ ሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ቢገባ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው በብዙ እንደሚብስ አስቡት። ዱቄቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጉላል። የጓጎለ ቶነር ደግሞ አይታተምም።

እኔን የሚገርመኝ መፍትሔው ነው። ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይቀላቅላሉ። አንደኛው እንደ ሬንጅ ነው፤ እያደር፣ ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ሁለተኛው እንደ ሻማ ነው፤ ጠንክሮ ይቆይና ነጥቡ ላይ ሲደርስ ባንዴ ይቀልጣል። ሻማው ሲቀልጥ ሬንጁ ውስጥ ሰርጎ እሱንም ያለሰልሰዋል። ከዚያ ቅንጣቷን ጠንከር ባለ ቅርፊት ያለብሷታል። መንገድ ላይ የሚጠብቃት ቅርፊቱ ነው፤ ፊውዘር ሲደርስ የሚቀልጠው ሆዷ። የድሮው ቶነር ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ እንደ በርበሬ የሚፈጭ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ባለ ቅርፊቱ ግን በብዛት ውኃ ውስጥ ከጥቃቅን ብናኞች እየተሰበሰበ ያድጋል።

ሲቀልጥ በጣም ቢቀጥንም አይሆንም። የቀጠነው ቶነር ግማሹ ሮለሩ ላይ ይቀርና በሚቀጥለው ዙር ታች ላይ ይታተማል። ለዚህ ሞለኪውሎቹ እንደ ረጃጅም ሰንሰለት የሆኑ ፕላስቲክ ይጨምሩበታል፤ ሲቀልጥም ሳይበጠስ እንዲለጠጥ። ሰሙም ከሮለሩ እንዲላቀቅ ያግዛል።

ዕድሜውስ? ቅንጣቷ ላይ የተነሰነሰ እጅግ ደቃቅ ሲሊካ አለ። ዱቄቱ እንዲንሸራተትና ቻርጁን እንዲይዝ ያደርጋል። ካርትሪጁ፣ ማለትም የቶነሩ ማስቀመጫ፣ ውስጥ ቶነሩ በሺህ ለሚቆጠር ገጽ ይታመሳል። ቅንጣቷ ለስላሳ ከሆነች ሲሊካው ጭቃ ላይ እንደተረገጠ ጠጠር ይሰምጣል። ያኔ ነጩ ወረቀት መዳመን ይጀምራል። በቀላሉ የሚቀልጥ ቶነር እንዲቆይ ማድረግ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ቅርፊቱ እዚህም ያድናል።

ሪፊል የምትሠሩ፣ ባዶ ካርትሪጅ መልሳችሁ የምትሞሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ለዝቅተኛ ሙቀት የተሠራውን ቶነር በጣም በሚግል ማሽን ብትሞሉት ሮለሩ ላይ ይለጠፋል። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራውን ብዙ በማይግል ማሽን ብትሞሉት ጣት ላይ ይቀራል። «ጥቁር ጥቁር ነው» ብሎ ነገር የለም። የሞላችሁትንም መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አትተዉት።

(ምስል፦ አንድ እጅ የቤት ካርታ ኮፒን ከፕላስቲክ ፎልደር ሲላቅቅ። ፊደሎቹ ፕላስቲኩ ላይ ቀርተዋል።)

ይሄ በብዙዎቻችን ቤት ደርሷል። ጥላሸቱ አይደበዝዝም። ግን ለስላሳው ፎልደር ውስጥ ያለው ማለስለሻ ዘይት ወደ ቶነሩ እየሰረገ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ለዓመታት የምታስቀምጡትን ኮፒ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉት።

(ምስል፦ ኮፒ ቤቱ። ልጁ አዲስ እሽግ ወረቀት ይከፍታል።)

እርጥቡን ወረቀት አወጣው። የወረቀት ምርጫውን «ወፍራም» ላይ አደረገው፤ ማሽኑ ሙቀት ጨምሮ ወይም ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ። መምህሩ አዲሱን ገጽ ተቀበሉ። ገና ትኩስ ነው። «ተራ ቁጥር 3» ላይ አውራ ጣታቸውን አሹና ጣታቸውን አዩት።

«አርባ ስምንት አድርግልኝ» አሉት።