«ምን አድርጎ ነው?» አትበሉ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ታቀርባለች፣ ሒሳቡንም ገንዘብ ያዣችን። እኔ እንደ ሰብሳቢነቴ ክፈት ተብዬ ነው የቆምኩት፤ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ።

በኢሚግሬሽን የታሰረ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች በሚያርፉበት በዚህ ቤት ማገልገል በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ማታ 4 ሰዓት ላይ ደረሰች። ትንሹ ልጅ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፣ ትልቋ የተፈታ የጫማ ክሯን እየጎተተች ከኋላ ትከተላለች። ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ነው የዋለችው። ሻይ ቀዳሁላትና፣ ወሬ ማስጀመሬ መስሎኝ፣ «ባለቤትሽ ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ስኒውን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች፣ አስራ ስትጨርስ ፈታችው፣ እንደገና አሰረችው። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች። ያን ጫማ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነውሩ ሳያንስ ጥያቄው ራሱ ስህተት ነበር። አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን እስር በሕጉ የወንጀል ቅጣት አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ወንጀል ባለመሆኑም መንግሥት ለታሳሪው ጠበቃ አያቆምለትም። ያለው ይቀጥራል፣ የሌለው ብቻውን ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛው ዋስ ቢፈቅድለት እንኳ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው መጠን 1,500 ዶላር ነው፣ እሱም ቢሆን አባወራው ታስሮ ገቢ በቆመበት ሰዓት ነው የሚፈለገው። ሌባ በሚያስመስል ጥያቄ እንዳንቀበላቸው ነው ይህን ሁሉ የምዘበዝበው።

ደግሞ መንገዱ። ብዙዎቹ ማቆያዎች ከከተማ የራቁ ናቸው። ጆርጂያ ውስጥ ያለው የስቱዋርት ማቆያ ላምፕኪን የምትባል ትንሽዬ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከአትላንታ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። ኤል ረፉጂዮ የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ላምፕኪን የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ሊጠይቅ የመጣ ቤተሰብ ያለ ክፍያ ያድርበታል፣ ይበላበታል። የኛም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። አልጋ፣ ምግብ፣ ፎጣ።

መጠየቅ ያለበትማ አለ። ስልክ የምታነሱ ሰዎች፣ ቤተሰቦቹ ከመነሳታቸው በፊት «ኤ ነምበሩን ይዘሻል?» በሉ፤ ኢሚግሬሽን ለታሳሪው የሰጠው መለያ ቁጥር ማለት ነው። እስረኛ በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ግዛት ሊዛወር ይችላል። እስረኞቹን የሚይዘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ የአይስ፣ የኢንተርኔት መፈለጊያ ያንን ቁጥርና የትውልድ አገሩን ይጠይቃል። በስም ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ካልገጠመ አያወጣውም፣ የኛን አገር ስም አጻጻፍ መቼም ታውቁታላችሁ! ስንቱ ነድቶ መጥቶ ሰውየው እንደሌለ በር ላይ ተነግሮታል።

በር ድረስ እንኳ መሄድ የማይችሉም አሉ። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ እነሱም ወረቀት የላቸውም፣ ገብተው ሳይወጡ መቅረትን ይፈራሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ እዚህ ቀርታ ልጆቿን ከአክስታቸው ጋር ላከች። ሳሎኑ መስኮት ጋ ቆማ ዋለች። ተቀመጪ ብንላትም እንቢ። ሲመለሱ መኪናው ሳይቆም ሮጣ ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው «ከስቷል?» ብላ ነው። ልጁ «መስታወቱ ስለቆሸሸ በደንብ አላየሁትም» አላት።

በሉ፣ ወደ ጉዳያችን። የቅዳሜ ማታ ተረኛ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለት ሰው ይጎድለናል፣ ስፓኒሽ የሚችል ቢሆን ደስ ይለናል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን አሁንም ውሃ ያፈሳል፤ ለጊዜው ተራ የደረሰው ሰው አንሶላውን ቤቱ ወስዶ ያጥባል። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶውን ይዛችሁብኝ እንዳትሄዱ።