ለብቻዬ የተከራየሁት ጣና

እንዴት ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለም። ሊመጣ የነበረው ሰው ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከጀርባ የሚሰማችሁ የጎረቤቴ ቆርቆሮ ነው። ምን እየሠራ እንደሆነ አላውቅም፣ ሲቀጠቅጥ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሰሞኑን ስልኬ ሞልቶ ፎቶ ስሰርዝ አንድ ፎቶ አገኘሁ። የሰው ጀርባ ነው። በጠራራ ፀሐይ ወፍራም የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሰው። በእጁ የተጠቀለለ ጥቁር ጃንጥላ። ከሱ ወዲያ ውሃ፣ ከውሃው ወዲያ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነገር። ያቺ ምስር ደሴት ናት። 3,500 ብር የከፈልኩባት ደሴት። ከዚያ በላይ አልቀረብኳትም።

ጊዜው ጥር 2012 ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ያኔ የስልክ ማዕከል ውስጥ ነበር የምሠራው። ሥራው ምን መሰላችሁ፦ ደንበኛ የሚለውን ለቴክኒክ ክፍል፣ ቴክኒክ ክፍል የሚለውን ለደንበኛ። ቀኑን ሙሉ። ሁለት ዓመት እረፍት ሳልወጣ። ሰው የሚባል ነገር ሰልችቶኝ ነበር። ባሕር ዳር በአውቶቡስ ገባሁ፣ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ሆዴን ገልብጦት። በማግስቱ ሰውየውን አገኘሁት። አስጎብኚውን አይደለም፣ ጉብኝቱን የሸጠልኝን ልጅ። ብዙ ሰው ጣና ላይ የሚወጣው ከሌላ ጋር ተዳብሎ ነው፣ ሒሳቡ ይቀላል። እኔ ግን ኮንትራት ነው የምፈልገው አልኩት። ጀልባው ለብቻዬ፣ ዝም ብዬ ውሃ ማየት። «ምን ችግር አለው!» አለኝ። ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ሲመለሱ ጉማሬ። ሁሉም በአንድ ቀን።

አሁን ጣናን የምታውቁ ሰዎች እየሳቃችሁ ነው። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ትምህርት ቤት ሸምድጃለሁ። ቁጥሩ ግን በጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ማንም አላስተማረኝም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና፣ የሚባለው እኔ ነኝ።

ከሁሉም ናርጋን ነበር የምፈልገው። ደቅ ደሴት ላይ ነው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው። እመቤታችን ልጇን አቅፋ በተሳለችበት ሥዕል ሥር ምንትዋብ ራሷ ተደፍታ ተስላለች። ያን ያህል ሥልጣን የነበራት ሴት፣ መሬት ላይ። ያንን በዓይኔ ለማየት ነበር የመጣሁት።

በ12 ሰዓት እንነሳለን ተብሎ ከጠዋቱ 2:40 ተነሳን። ጀልባው ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። ካፒቴኑ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አስጎብኚው ስድሳን ያለፉ፣ ካፖርትና ጃንጥላ ያላቸው ሰውዬ። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ስማቸውን አልነግራችሁም። ላይፍ ጃኬቱን አጠለቅኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ረዥም ትንፋሽ ወሰድኩ። በቃ ጸጥታ።

«የኔ ልጅ፣» አሉ ጋሼ፣ «ለሹፌሩ ንገሪልኝ፣ ከዘጌ እንጀምራለን።»

ሹፌሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ያልሰማ መስሎኝ ዞሬ፣ ከዘጌ እንጀምር ይላሉ አልኩት።

«እህቴ፣ ለሰውየው ንገሪልኝ፣ ካፒቴን ነው የሚባለው።»

እንግዲህ ይኸው። ሁለቱ አይነጋገሩም። ተኮራርፈዋል። አንድ ጀልባ ላይ እየሠሩ ተኮራርፈዋል! እኔ ከስልክ ማዕከል ሸሽቼ፣ 3,500 ብር ከፍዬ፣ ውሃ ላይ ስልክ ማዕከል ሆንኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ እኔ ወደፊት ዞሬ እሰማለሁ፣ ወደኋላ ዞሬ እጮሃለሁ። ፔሊካኖቹ በአጠገባችን ሲያልፉ አላየኋቸውም፣ ስለ ነዳጅ እያስተላለፍኩ ነበር።

ዘጌ ደረስን። ጋሼ ሌላ ጠባይ እንዳላቸው እዚያ ገባኝ። አያስጎበኙም። ማለቴ፣ ቦታው ላይ ቆመው ምንም አይናገሩም። በጫካው ውስጥ በድንጋይ በተደለደለው መንገድ እየወጣን፣ ግራና ቀኝ ቡና፣ ትናንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ልጆች፣ ዝንጀሮ ይሁን ጦጣ ያልለየሁት ነገር ቅርንጫፍ ሲያንቀጠቅጥ፣ እሳቸው ዝም። «ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» ስላቸው ጃንጥላቸውን ወደ ፊት ይጠቁማሉ። «ሂጂ፣ እይ። ስንወጣ እነግርሻለሁ። ቀድሞ የሰማ ዓይን አያይም።»

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ መሐል ላይ መቅደሱ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል። አንድ ዲያቆን ሊያስረዳኝ ሲጠጋ ጋሼ ከበር ላይ «ተዋት፣ ትይ» አሉት። ልጁ ተመለሰ። እና አየሁ። ምን አየሁ? ቀይ አየሁ። ቢጫ አየሁ። ፈረሶች፣ ጦሮች፣ ክንፎች። አንገቴን አሞኝ ወጣሁ።

ጀልባው ተነስቶ ዘጌ ወደኋላ ሲቀር ጋሼ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ተቀመጡ። አፋቸው ተከፈተ።

«ባለ አንድ ዓይኖቹን አየሻቸው?»

«የቶቹን?»

«ደጋጎቹ በሙሉ ፊት ነው የሚሳሉት፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይን። አላየሽም?»

አላየሁም! አንድ ሰዓት ተኩል አንጋጥጬ አላየሁም። ቀጠሉ። በላዔ ሰብእን አየሽው? አላየሁም። ታሪኩን ከአያቴ ሰምቼዋለሁ፣ ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ በሚዛኑ ላይ የዳነው። ሥዕሉ ፊቴ ላይ ነበር። ጋሼ ተነስተው ይተውኑት ጀመር። ለምጻሙ እኔ ነኝ። ወደ ጣና ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ውሃ ዘገኑ፣ የካፖርታቸው እጅጌ እስከ ክርን ረጠበ፣ ወደ አፌ አቀረቡልኝ። «በማን ስም?» «በ... በእመቤታችን ስም።» ጣታቸው መሐል ውሃው እየተንጠባጠበ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። ከኋላ ካፒቴኑ በአፍንጫው ሳቀ።

«ለሹፌሩ ንገሪው፣ ጥርኝ ውሃ የማይሰጥ ሰው ባይስቅ ይሻለዋል በይው።»

ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። ምን እንዳስተላለፍኩ ግን አልገባኝም።

የዘጌን ነገር ጨረሱልኝ። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል መሆኑን፣ ጫካው የቆመው በዚያ መሆኑን። የገዳሙ መሥራች የአቡነ በትረ ማርያም በትር ለቡናውና ለጌሾው መነሻ ሆነ እንደሚባል። ቆንጆ ነገር ነው፣ ቦታው ላይ ቢነግሩኝ። በመጨረሻ ላይ «ደግሞ ዘጌ ደሴት አይደለም» አሉኝ።

«ምን?»

«ከየብስ የተያያዘ ነው። ከባሕር ዳር በመኪናም ይመጣል።»

እስካሁን አንድም ደሴት አልረገጥኩም ማለት ነው።

ክብራን ገብርኤል ግን ደሴት ነው፣ የማያሻማ። ጀልባው ተጠጋ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ። ካፒቴኑ አየኝ፣ ወደ ጋሼ አየ፣ መሬት አየ። ክብራን ሴት አትገባም። የጥንት ሥርዓት ነው፣ ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ይገባል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ እንደ ክብራን ነው። ሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የሸጠልኝ ልጅ ላይ ነው። ሴት መሆኔን አይቷል እኮ! ጋሼ ግን ጃንጥላቸውን አንስተው ከጀልባው ወረዱ።

«የት ነው ጋሼ?»

«ተሳልሜ ልምጣ።»

እና ሄዱ። በእኔ ሒሳብ፣ በእኔ ኮንትራት፣ አስጎብኚዬ ብቻቸውን ደሴት ሊጎበኙ ሄዱ። ሃምሳ ደቂቃ ቆዩ። ሰዓት ይዣለሁ።

ካፒቴኑ በተቆረጠ ጄሪካን ከጀልባው ወለል ውሃ ይቀዳል፣ ወደ ሐይቁ ይደፋል። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ቆሎ አወጣ፣ አካፈለኝ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለፈ፣ ግማሹ ታንኳ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰውየው እግሩ እየረጠበ ተዝናንቶ ተቀምጧል። እሱ ከራቀ በኋላ ካፒቴኑ ሳልጠይቀው «አማቼ ናቸው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼን ልጅ ነው ያገባው። ወንድ ልጅ ወለዱ። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ቀኑ አይገፋም። አርባው ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሼ ፈረንጆች ይዘው ደቅ ሄዱ። ነፋስ ተነሳ። በዋዜማው ማታ ስልክ ደወሉለት፣ መጥተህ ውሰደኝ ብለው። ጣና እስከ ረፋድ ድረስ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ማታ በዚያ ማዕበል መሻገር አልቻለም። ወይም፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ፈራ። ልጁ አያቱ ሳይኖሩ ክርስትና ተነሳ።

«እስካሁን የክርስትና ስሙን አያውቁም» አለኝ። «ሚስቴንም አልጠየቁም። እኔን እንዲጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አምስት ወር።»

ስሙን ነገረኝ። አስቡት፣ ከአዲስ አበባ ትናንት የመጣሁ ሰው የልጁን የክርስትና ስም አወቅኩ፣ አያቱ ላይ ላዩን ገዳም እየተሳለሙ አያውቁም። ለእናንተም አልነግራችሁም፣ ተራው የእሳቸው ነው።

ጋሼ ተመለሱ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። «ለሹፌሩ ንገሪው፣ ወደ ደቅ።»

«ለሰውየው ንገሪያቸው፣ ከዚህ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መመለሻው ሦስት ሰዓት ነው። ነፋሱ ይነሳል።»

«ለሹፌሩ ንገሪው፣ ማዕበል የሚፈራ ሰው ጀልባ ለምን ይገዛል።»

«ለሰውየው ንገሪያቸው፣ ማዕበል የማይፈራ ሰው ጀልባ የለውም። ሰምጦበታል።»

እኔ መሐል ነኝ። አሁን የምናወራው ስለ ናርጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ ግን ምን ላድርግ? ውሃው እኮ ረግቷል። አንድ ሞገድ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጋሼ በጃንጥላቸው ወደ ሰሜን ጠቆሙ፣ ያቺ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነገር። ፎቶውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከፋይዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ልወስን።

ምንትዋብ እዚያ ማዶ ተደፍታ አለች። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ በአውቶቡስ መጥቻለሁ።

እንመለስ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለካፒቴኑ ልብ ብዬ ብቻ አይደለም። ዋና አልችልም።

ጋሼ እስከ ባሕር ዳር አንድ ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ ጸጥታ አገኘሁ ልበል? ኩርፊያ ነው እንጂ ጸጥታ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ሞተሩን አጥፍተን ጉማሬ ጠበቅን። ሁለት ጆሮ የሚመስል ነገር ብቅ አለ፣ ጠፋ። ግንድ ሊሆንም ይችላል። ጋሼ በልማዳቸው ሲርቅ ይነግሩኝ ነበር፣ አኩርፈው ሳይነግሩኝ ቀሩ።

ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ የሸጠልኝን ልጅ ደወልኩለት፣ አላነሳም። እስከ ዛሬ አላነሳም።

ከዚያ ሦስታችንም ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን። ካፒቴኑ ራቅ ብሎ ሌላ ወንበር ላይ፣ ጀልባው በሚታየው በኩል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጠረጴዛው ወረቀት በረረ። ቀና ስል ሐይቁ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ቡናማና ነጭ። ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ ፍንጣቂው እኛ ጋ ይደርሳል። የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ እየተጋጩ ነው። ካፒቴኑ ምንም አላለም፣ ዓሣውን እየበላ ነው። ጋሼ ለረዥም ጊዜ ውሃውን አዩ። ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ይሄ ነፋስ አይባልም» አሉ።

ዝም አልኩ። እጅ ታጠቡ። የካፖርታቸው እጅጌ ከጠዋቱ ውሃ አሁንም አልደረቀም። እንደገና ወደ ጀልባዎቹ አዩ።

«የኔ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ለካፒቴኑ ንገሪልኝ። ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ይሰረው በይው።»

ተነስቼ ሄጄ ነገርኩት።