ለዳኖ በዓል ጋንግነንግ የት እንደር? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮሪያው የዳኖ በዓል ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም፣ ግማሹ ሰው በዓሉን ትቶ "የት ነው የምናድረው" ነው የሚለው፣ እውነቱን ነው። ላልሰማ ሰው ባጭሩ፣ ጋንግነንግ ከሴኡል በስተምስራቅ ባህር ዳር ያለች ከተማ ናት፣ የዳኖ በዓሏን ዩኔስኮ በ2005 ነው እውቅና የሰጠው። ናምዴቾን የሚባለው ወንዝ ዳር ድንኳን ይደረደርና ስምንት ቀን ገደማ የባህል ስርዓቱ፣ ሳይናገሩ የሚጫወቱት የጭንብል ድራማ፣ ትግሉ፣ ዥዋዥዌው፣ ገበያው ሲደራ ይሰነብታል። እኔ እዛ ተምሬ በኋላም ማስተርጎምና ማስጎብኘት ስሰራ ኖሬያለሁ፣ ያገሬን ሰው አልጋ ማስያዝ ሁለተኛ ስራዬ ነበር ማለት ይቻላል። ሰዓት አልቆብን በአየር ላይ ያልመለስኳቸውንም እዚሁ ጨምሬያለሁ።

አድማጭ ከአዳማ፦ አምና ግንቦት ላይ ነበር ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ ሰኔ ነው ይላል፣ የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም ልክ ነው። ዳኖ ማለት በጨረቃ አቆጣጠር የአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ነው፣ ስለዚህ በፈረንጁ ሲታይ በየአመቱ ይዘላል። በ2025 ሜይ 31 ነበር፣ በ2026 ጁን 19፣ በ2027 ደግሞ ጁን 9። በኛ ግንቦት 23፣ ሰኔ 12 (አዎ፣ ሚካኤል) እና ሰኔ 2 መሆኑ ነው። በፊተኛው አመት ቀን አልጋ ይዞ ሄዶ ባዶ ወንዝ ዳር ቆሞ ሰልፊ የላከልኝ ልጅ አለ፣ እኔም መልሼ የሳቅ ኢሞጂ ላኩለት፣ ምን ላድርግ። እና ቀኑን ደግማችሁ እዩ፣ ሶስተኛም እዩ። ደግሞ ጁን 19 2026 አርብ ነው፣ የባህር ዳር ከተማ አርብና ቅዳሜ ማታ ዋጋው ሌላ ነው፣ በዓሉ ስምንት ቀን ስለሆነ ሰኞ ማክሰኞ የሚመቻችሁ ከሆነ ያኔ ሂዱ፣ ወንዙ ዳር ያው ድንኳን ያው ጭፈራ ነው፣ አልጋው ግን ይረክሳል።

አድማጭ ከባህር ዳር፦ ቪዛ ሳይመጣ ሆቴል ልክፈል?

አትክፈል። በነፃ የሚሰረዘውን ያዝ። ቪዛው ምን ወረቀት ይፈልጋል የሚለውን ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን የኮሪያ ኤምባሲ ጠይቅ እንጂ እኔን አትጠይቀኝ፣ እኔ ቪዛ አልሰጥም።

አድማጭ ከሴኡል (ተማሪ ነኝ ብሏል)፦ ወንዙ አጠገብ ይሻላል ወይስ ባህሩ ዳር?

አየህ፣ ሁሉም ሰው ወንዙ አጠገብ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ለዛ ነው ወንዙ አጠገብ ያለው ቀድሞ የሚያልቀው። ማዕከላዊው ገበያ አካባቢ ካገኘህ ያዘው፣ ወደ ናምዴቾን በእግር ነው፣ ማታ ስትመለስ ገበያው ውስጥ የምትበላው አታጣም፣ ግን እንቅልፍህ ቀላል ከሆነ ይረብሽሃል፣ ከበሮው አንዳንዴ እስከ ማታ ድረስ ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢም መጥፎ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድህ ነው፣ ታክሲም ብዙ አያስከፍልም። ግዮንግፖ ባህር ዳር ደግሞ ሆቴሉም ፔንሽን የሚባለው የሚከራይ ቤትም የሞላበት ነው፣ ከወንዙ ስድስት ኪሎሜትር ገደማ ስለሚርቅ ታክሲ አስብ። ሃኖክ የሚባለውን ባህላዊ ቤት ከፈለግክ ኦጁክሆን አጠገብ የሃኖክ መንደር አለ፣ ኦጁክሆን ማለት እነዛ የ50,000 ዎንና የ5,000 ዎን ብር ላይ ያሉት እናትና ልጅ፣ ሺን ሳይምዳንግና ዪ ዪ፣ ልጁ የተወለደበት ግቢ ነው፣ ለሊቱን እዛ ሰፈር ማደር ደስ ይላል፣ ግን ክፍሉ ጥቂት ነው ቶሎ ያልቃል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ቾዳንግ ነው የምልህ። ግዮንግፖ አጠገብ ያለ የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚረጋ አይብ መሳይ ነገር) ሰፈር ነው፣ በባህር ውሃ ነው የሚያረጉት። በ2026 ዳኖ የሚውለው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው፣ ያውም አርብ፣ ጿሚ ከሆንክ ጠዋት ተነስተህ ነጩን ሱንዱቡ፣ ለስላሳውን ቶፉ፣ ትበላለህ በቃ። ቀዩን ስታዝ ግን ጠይቅ፣ ስጋ ወይ ዛጎል ይገባበታል፣ ኪምቺውም (በቅመም የተብላላው ጎመን) አብዛኛው የአሳ መረቅ አለው።

የትም ያዝ የት ግን አድራሻውን በኮሪያ ፊደል ስክሪንሾት አድርገህ ያዝ። ታክሲው አንተ በላቲን የምታሳየውን አያነብልህም፣ ጉግል ማፕም እዛ አገር የእግር መንገድ ላይ ደካማ ነው፣ ኔቨር ማፕ አውርድ።

አድማጭ ከአዲስ አበባ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው)፦ ከእህቴ ጋር ነው የምንሄደው፣ አልጋ ማስያዣው አፕ ላይ ርካሹ ሁሉ ሞቴል ነው፣ ነውር አይሆንብንም?

እህቴ አይሆንባችሁም፣ ስቄ ግን አይደለም የምመልስልሽ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይፈራዋል። ቃሉ ነው የሚያምታታን። የኮሪያ ሞቴል የኛ ፔንሲዮን በይው። ጥንዶች በሰዓት ይይዙታል፣ እውነት ነው፣ መብራቱ ሀምራዊ ሊሆን ይችላል፣ መስታወቱ ያለቦታው ሊሆን ይችላል፣ ግን ንፁህ ነው፣ ጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ይሰጡሻል፣ ነጋዴውም ተጓዡም ሽማግሌውም ያድርበታል፣ እኔ ራሴ ስንቴ አድሬያለሁ። የኮሪያ "ፔንሽን" ደግሞ ከኛ ፔንሲዮን ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው፣ እሱ ኩሽና ያለው፣ ግቢው ውስጥ ስጋ የሚጠበስበት፣ ቤተሰብና ጓደኛ ሰብሰብ ብሎ የሚከራየው ቤት ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ አፑ ላይ በሰዓት የሚባለውና ለማደር የሚባለው ጎን ለጎን ነው የሚመጣው፣ ርካሹን አይተሽ ስትጫኚ ለአራት ሰዓት ብቻ ተከራይተሽ ልትገኚ ትችያለሽ። ለማደር ሲሆን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ መግቢያውን ማታ የሚያደርጉ አሉ፣ ቀን ላይ በሰዓት ስለሚያከራዩ። መግቢያ ሰዓቱን አንብቢ፣ በነሱ 15 ሰዓት ማለት በኛ ቀን 9 ሰዓት ነው፣ እሱንም ደግመሽ እይ።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ የስልክ ቻርጀራችን ይሰካል?

ይሰካል። ሁለት ክብ ነው፣ 220 ቮልት።

አድማጭ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ሁሉም ሞልቷል እያለኝ ነው፣ ከ17 አመት ልጄ ጋር ነኝ፣ ጂምጂልባንግ ልደር?

አንተ ከልጅህ ጋር ከሆንክ ይቻላል። ልጁ ብቻውን ቢሆን ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አያስገቡትም፣ ከ19 አመት በታች የሆነ ልጅ ወላጅ ሳይኖር ማደር አይችልም፣ ህግ ነው። ጂምጂልባንግ ማለት ሙቅ ክፍል፣ መታጠቢያ፣ ወለል ላይ ምንጣፍ ነው፣ ቲሸርትና ቁምጣ ይሰጡሃል፣ መታጠቢያው ውስጥ ግን ወንዱ ከወንድ ሴቱ ከሴት ልብስ የሚባል ነገር የለም፣ ልጅህን አስቀድመህ ንገረው፣ አንዱን በር ላይ ሲያየው ወደኋላ ሲሮጥ አይቻለሁ። አንድ ሌሊት ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ሌሊት ወገብ ይናገራል።

የተሻለው ግን ከጋንግነንግ መሃል ከተማ ወጣ ብሎ ማደር ነው። ባቡሩ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ፣ ለፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ተብሎ ተሰርቶ፣ ከሴኡል ጣቢያ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ እዛው ሴኡል ካለው ከቾንግንያንግኒ ጣቢያ ደግሞ ያንሳል። ሴኡል አድረህ ጠዋት ሄደህ ማታ መመለስ ይቻላል። ወደ ሰሜን ጁሙንጂን ወደ ደቡብ ዶንግሄ ሞክር። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ጠዋት ስትወርድ እይ፣ ማታ ስትሮጥ አይደለም። እና ሁሌ እንደምለው መጀመሪያ አልጋ፣ ከዛ ትኬት፣ አንተ ትኬቱን ቀድመህ ይዘህ ነው ዛሬ የምትደውልልኝ አይደል? አውቄያለሁ።

አድማጭ ከዱባይ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የበዓሉ ሰፈር ክፍል አለኝ፣ ግማሹን አሁን ላኪ አለኝ።

አትላኪ። ፎቶው ያምራል፣ አውቃለሁ። አትላኪ። ከአፑ ውጪ በግለሰብ አካውንት ገንዘብ ላኩ የሚል ሁሉ መልሱ አትላኩ ነው። እዛ ከደረሳችሁ በኋላ ማደሪያ ከጠፋባችሁ 1330 ደውሉ፣ የቱሪስት መስመር ነው፣ በእንግሊዝኛ ያወራችኋል።

አድማጭ ከመቀሌ፦ ዲስክ አለብኝ፣ ወለል ላይ ነው አሉ የሚተኛው፣ እችላለሁ?

ሃኖክ ውስጥ አዎ ወለል ላይ ነው፣ ስስ ፍራሽ ነው የሚዘረጉልህ። ሞቴልና ሆቴል ውስጥ አልጋ ያለው ክፍል ብለህ መያዝ ትችላለህ። ዲስኩን ግን እኔ ሳልሆን ሐኪምህ ነው የሚያውቀው፣ ከመሄድህ በፊት እሱን አማክር።

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ፦ ልጄ እዛ ነው የምትማረው፣ በዓሉን ላሳይሽ ብላ ፔንሽን ይዛልኛለች። ጀበናዬን ስኒዬን ይዤ ነው የምሄደው፣ ለጓደኞቿ ቡና ላፈላላቸው። ከሰል እዛ አገኛለሁ ወይስ ትንሽ ልያዝ?

እናቴ፣ ጀበናውን ይያዙ፣ ስኒውን ይያዙ፣ ቡናው የተቆላ ይሁን፣ ጥሬ ነገር ላይ ኢንቾን ኤርፖርት ኳራንቲኑ ጠበቅ ያለ ነው። ጋንግነንግ የቡና ከተማ ናት፣ አንሞክ የሚባል ባህር ዳር ሙሉ መንገዱ የቡና ቤት ነው፣ የርስዎን ጀበና ቢያዩ ተሰልፈው ነው ፎቶ የሚያነሱት። ከሰሉን ግን ይተዉልኝ። አውሮፕላኑም አያስገባውም፣ ግን እኔ የምለው ስለ አውሮፕላኑ አይደለም።

እዚህ ጋ ሁላችሁም ስሙኝ፣ ትንሽ ልቆጣ ነው። ዲሴምበር 18 2018 እዛው ጋንግነንግ ውስጥ አስር የሴኡል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርስቲ መግቢያ ፈተና ጨርሰው ሊዝናኑ የሄዱ ልጆች፣ አንድ ፔንሽን ተከራዩ። ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር ጭስ ማውጫ ቱቦ ተነቅሎ ጋዙ ወደ ቤት ገባ። ሶስቱ ሞቱ፣ ሰባቱ በመከራ ተረፉ። ማንም ምንም አልሸተተውም፣ ምክንያቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፣ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው ደምን የሚይዘው። ከዛ በኋላ ህጉ ጠብቆ ማደሪያ ቤቶች ቦይለር ካላቸው የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሳሪያ እንዲገጥሙ ተደርጓል፣ እና ክፍል ስትገቡ ያቺን ትንሽ ነጭ ሳጥን ፈልጉ፣ ከሌለች ባለቤቱን ጠይቁ፣ አትፈሩ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። እኛ ያንን ጋዝ በምድጃ አድርገን በእጃችን ነው ወደ መኝታ ቤት የምናስገባው። ክረምት ሲሆን ብርድ ነው ብለን፣ በር ዘግተን፣ ከስር ጨርቅ ወትፈን። "ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ ችግር የለውም" ይላሉ። እናቴ፣ የሚገድለው እኮ ጭሱ አይደለም፣ ጭስ ቢሆን ኖሮ አስሎን እንወጣ ነበር፣ የሚገድለው ያ ቀይ የሚያምረው ፍም ነው። ራስ ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሰውየው "መንገድ ደክሞኝ ነው" ብሎ ይተኛል፣ በቃ። ወተት ይጠጣ የሚሉም አሉ። ኮሪያዎቹም ድሮ ቤታቸውን በከሰል ጡብ ሲያሞቁ በየክረምቱ ሰው ይሞትባቸው ነበር፣ እነሱ ደግሞ የነጭ ራዲሽ ኪምቺ ውሃ ያጠጡ ነበር፣ የኛም የነሱም አይሰራም። የሚሰራው ወደ ውጪ መውጣት፣ ንፁህ አየር፣ ኮሪያ ውስጥ ከሆናችሁ 119 መደወልና ሆስፒታል ኦክስጅን ነው። ደህና ሆኛለሁ ብላችሁም ሀኪም ሳያያችሁ እንዳትተኙ።

ተማሪዎችም እናንተ ስሙ፣ ፔንሽኑ ግቢ ውስጥ ስጋ ጠብሳችሁ ስትጨርሱ ብርድ ነው ብላችሁ የተረፈውን ፍም ወደ ክፍል፣ ወይ ወደ ድንኳን፣ ወይ መኪና ውስጥ የምታስገቡ አላችሁ። በስማችሁ ልጥራችሁ? ሃኖክ ከሆነ ደግሞ እንጨት ነው፣ ወረቀት በር ነው፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ቡናውን እንዴት ላፍላ ለሚሉኝ እናቴ፣ ግቢው ውስጥ ስጋ የሚጠበስበት ቦታ አለ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ሜዳ ላይ እዛ ያፍሉ፣ ፍሙን እዛው ውሃ አፍስሰውበት ይግቡ። ቤት ውስጥ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ግን ኢንዳክሽን የሚባለው ጠፍጣፋ መስታወት ሸክላ አያሞቅም፣ ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ ጀበናው እንደቀዘቀዘ ነው፣ ልጅዎ የፔንሽኑ ምድጃ የቱ እንደሆነ ቀድማ ትጠይቅ።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እኚሁ እናት መልሰው ደወሉ፦ ገባኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ከሰሉን ትቼዋለሁ። ዕጣኑን ግን ክፍል ውስጥ ላጭስ አይደል?

እናቴ፣ ዕጣኑን በምን ላይ አድርገው ነው የሚያጨሱት?