«አለቀሰ እንዴ ካሣ?»

እሺ... እየቀዳ ነው።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ነበር የማወራላችሁ። እሱ ይቆየን፣ መጨረሻው ገና ነው። ይህ የምትሰሙት ድምፅ ደግሞ ድመቷ ናት፣ ማይኩ ሥር ተኝታለች። ታውቋታላችሁ።

ከጎንደር ከተመለስኩ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። አሥራ አንዱንም ቀን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። ለሰው ልንገረው ስል ደግሞ ትንሽ ይሆንብኛል። አያቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ በቃ። ሌላ የለውም። ግን እስኪ ላውራው።

እምዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ስሄድ አነብላታለሁ። ሁሌ ዳዊት ነው፣ አንዳንዴ ድርሳነ ሚካኤል። በዚህኛው ጉዞ ግን የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ይዤ ሄድኩ። የጎንደር ልጅ የጻፈውን ለጎንደር ሰው ላንብብ ብዬ ነው። ደስ የሚላት መስሎኝ። እኔ ያነበብኩት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። ያን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ያለቀስኩት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቡና እየቆላች ነበር። ከሰሉ ፊት ጎንበስ ብላ፣ በዚያች እጀታዋ በሽቦ በታሰረች ምጣድ። እኔ በርጩማዋ ላይ ነኝ። «እምዬ፣ ዛሬ ሌላ ነገር ነው የማነብልሽ» አልኳት። «እሺ ልጄ፣ ምንድን ነው?» አለች። ርዕሱን ነገርኳት። «የቴዎድሮስ ዕንባ።»

እጇ ቆመ።

«አለቀሰ እንዴ ካሣ?»

ይቺ ናት። ከዚህ በላይ አላለችም። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ልቦለድ ነው እኮ እምዬ» አልኳት። «እህ» አለች። ዝም ተባባልን። ቡናው መክሰል ጀመረ። ጭሱ ወደ እኔ ሲመጣ ነው የነቃሁት። እምዬ ቡና አሳርራ አታውቅም። በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ምጣዱን አነሳች፣ በሩ ጋ ሄዳ ደፋችው፣ ሌላ ጥሬ ቡና አጠበች፣ እንደገና ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳን ሳላነብ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ድምፅዋ ነው። እንዴት ነበር ያለችው? መንገድ ላይ ስሄድ ለራሴ እለዋለሁ። «አለቀሰ እንዴ?» የመገረም ነው? «እሱ ደግሞ ሊያለቅስ» ዓይነት ነው? አንዳንዴ ደግሞ፣ በተለይ ማታ ማታ፣ በጣም ቀስ ያለ ሆኖ ይሰማኛል። እንደ ተስፋ። አንድ ቀን ሳያለቅስ አይቀርም ብላ ስትጠብቅ እንደኖረች፣ ወሬው አሁን ገና እንደደረሳት።

ደግሞ «ካሣ» ነው ያለችው፣ ቴዎድሮስ ከመንገሡ በፊት በነበረው ስሙ። ንግሥናው ደረስጌ ማርያም ነው፣ 1847። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ እሷ ቤት ግን አሁንም ካሣ ነው።

እናንተ የቤታችንን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። የአያቷ እናት ሕፃን ሆና በጀርባ ታዝላ ከተማውን ለቃ የወጣችበትን። ኅዳር 1859። ቴዎድሮስ ራሱ ጎንደርን ሲያዘርፍ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል። መጻሕፍቱ ተጭነው መቅደላ ሄዱ። ንጉሡ እዚያ ለሚያሠራው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር ያሰባቸው። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ደግሞ እንግሊዞቹ መጡ፣ ያን ሁሉ ብራና በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወሰዱት። እምዬ ስለ ዝሆኖቹ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ወጥቶ አለመመለሱን ነው።

እና እኔ ያን የመሰለ ቤት ውስጥ ገብቼ «የቴዎድሮስ ዕንባ» እላለሁ።

ቆይ፣ ይህን ስል ብርሃኑን እየወቀስኩ አይደለም። በፍጹም። ብርሃኑን እወደዋለሁ። ስንቴ ነግሬያችኋለሁ፣ አማርኛ መጻፍ የወደድኩት በእሱ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። አራት ነጥቡ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ጋዜጠኛ ነዋ፣ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ድምፅ አውጥታችሁ ስታነቡት ትንፋሽ አያጥራችሁም። ለዚህም ነው ለእምዬ ይመቻል ብዬ የመረጥኩት።

ሥራውን በሙሉ ስታዩት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዕንባው አይለቀውም። «ሁለት የዕንባ ደብዳቤዎች» ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ በ1958 የቴዎድሮስን ዕንባ ጻፈ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በዕድሜው መጨረሻ፣ «የታንጉት ምስጢር» ብሎ ወደዚያው ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ተመለሰ። በ1979 ነው የሞተው። ለምን ተመለሰ? የቀረው ነገር ነበረ ማለት ነው? እኔ ጎንደር ተወልጄ ብጽፍ... እሱ የጎንደር ልጅ ነው እኮ። እነዚያን ታሪኮች በልጅነቱ ሳይሰማ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። የሰማ ሰው ነው ዕንባውን ለንጉሡ የሰጠው። ይሄ ትልቅ ልብ ነው ወይስ... እስኪ ልተወው።

ብቻውንም አልነበረም። አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጻፈ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ጻፉለት። አንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ብዕር! እኔ የማውቀው ቴዎድሮስ የእነሱ ነው። የቋራው ልጅ፣ ሹሩባው፣ ሽጉጡ፣ ሚያዝያ 6። «በመቅደላ አፋፍ ጩኸት በረከተ፣ የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ሲባል እስከ ዛሬ ገላዬን ይወረኛል። አሁንም ወረረኝ። ምን ላድርግ።

አባቴ ደግሞ ትዝ አለኝ። የብርሃኑን «ማዕበል» ታውቁታላችሁ፣ ሦስቱን ክፍል። «የአብዮት ዋዜማ»፣ «መባቻ»፣ «ማግስት»። በ66ቱ የወሎ ረሃብ ይጀምርና አብዮቱ ውስጥ ይገባል። በ70ዎቹ መጀመሪያ ነው የወጣው፤ ነገሩ ገና ሳይበርድ ማለት ነው። እኔ ሁሌ ይገርመኛል። አንድ ነገር ስንት ዓመት ሲያልፈው ነው ታሪክ የሚሆነው? አባቴ ጋ ሦስቱም አሉ። አራት ጊዜ ቤት ሲቀይር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟቸው ነው የሄደው። አንዱንም ግን ገልጦ አያውቅም። አንዴ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ሻይ አለ?» አለኝ።

እና እኔ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ልቤ የማነበው ነገሩ ስላልደረሰብኝ ይሆን? ይሄ ትንሽ ያስፈራኛል። ግን ደግሞ ባላነብ ኖሮ ምን አውቅ ነበር? ወሎን በምን አውቀው ነበር? ምንም።

ወደ እምዬ ልመለስ። እኔን የሚቆጨኝ «ልቦለድ ነው» ማለቴ ነው። በር እንደመዝጋት ነው የሆነው። «አዎ እምዬ፣ አለቀሰ» ብላት ኖሮ ቀጥሎ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። «ለማን?» ነው የምትለኝ። ለሚስቱ ለተዋበች ነው? ለራሱ ነው? ለጎንደር ነው? ያንን ጥያቄ ፈርቼ ነው መሰለኝ ቶሎ ብዬ ልቦለድ ያልኩት። አዲስ አበባ እንደገባሁ መጽሐፉን ድጋሚ ጀመርኩት። በእሷ ጥያቄ ሳነበው ያ የዘጠነኛ ክፍሉ መጽሐፍ አይደለም። ሌላ ነው። ገና አልጨረስኩትም።

እሑድ ደወልኩላት። ጤናዋን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤቷን ልጅ ሠርግ አወራን። ልዘጋው ስል «ያን መጽሐፍ ይዘኸው ሄድክ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እዚሁ እኔ ጋ ነው» አልኳት።

«እህ» አለች።

ይቺን «እህ» ደግሞ ምን ላድርጋት። ያችኛዋ ትሁን ሌላ... ትቼላት መምጣት ነበረብኝ? ማንበብ እኮ አትችልም። ዓይኗ... ወይ የጎረቤቷ ልጅ ያነብላት ነበር። ግን «ይዘኸው ሄድክ?» ስትል፣ ማለቴ... «ወሰድከው?» ነው ወይስ «እንኳን ወሰድከው»...

እንጃ። ለፋሲካ እሄዳለሁ። ይዤው ልሂድ አልሂድ ግን...