ለብልቱግ ጉርሻ፦ በኒጀር አሸዋ ላይ ምርት እንዴት ይጨምራል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ዛሬ ኒጀር ነን። ናይጄሪያ አላልኩም፣ ከእሷ በላይ በስተሰሜን ያለችው ኒጀር።

ከዋና ከተማዋ ከኒያሜ ወጣ ብሎ ሳዶሬ የሚባል ቦታ አለ። ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ጣቢያ ያለው እዚያ ነው። መሬቱ አሸዋ ነው። የሚዘራው ደግሞ ብልቱግ፣ በእንግሊዝኛ ፐርል ሚሌት የሚባለው እህል። ከዳጉሳ ጋር አታምታቱት፣ ይኼኛው ቁመቱ ሰውን ይበልጣል። በአገሪቱ ገበሬው ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው ለረጅም ጊዜ 4 ወይም 5 ኩንታል ገደማ ነበር። በጣም ትንሽ ነው።

እሺ፣ አሁን ጉርሻን አስቡ። ቤታችሁ እንግዶች መጥተዋል፤ ያላችሁ እንጀራ አንድ ብቻ ነው። ምን ታደርጋላችሁ? ቆራርሳችሁ ቤቱ ውስጥ ትበትኑታላችሁ? ምንጣፉም ይድረሰው፣ ግድግዳ ሥርም ይድረስ ብላችሁ? በፍጹም! ጠቅለል አድርጋችሁ፣ ወጥ አስነክታችሁ፣ በየአፉ ታጎርሳላችሁ። ለዚህ አንድ፣ ለዚያ አንድ። ትንሽ ናት፣ ግን መሬት የወደቀ ፍርፋሪ የለም። ደግሞ ጉርሻ ጊዜ አላት። እንግዳው ተነስቶ ከሄደ በኋላ ማን ያጎርሳል? መጠንም አላት፤ ከበዛች ታንቃለች።

በቃ፣ የኒጀር ገበሬዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማዳበሪያውን ማሳው ላይ አይበትኑም፣ ያጎርሳሉ። በእያንዳንዱ የዘር ጉድጓድ 2 ግራም ዳፕ (ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ)፣ ወይም 6 ግራም ኤንፒኬ (በእነዚህ ላይ ፖታሺየም ያለበት)። ሚዛን የለም። በሦስት ጣት ቆንጠር ማድረግ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን መስፈር ነው። ጉድጓዶቹ በ1 ሜትር ርቀት ከሆኑ በሄክታር 10,000 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ዳፑ 20 ኪሎ ብቻ ነው! እኛ አገር ለዓመታት ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አፈሩም ዝናቡም ስለሚለያይ በቀጥታ አትገልብጡት፣ ግን ልዩነቱን እዩት።

በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒጀር በገበሬ ማሳ ላይ ሲሞከር የማሽላና የብልቱግ ምርት ከ44 እስከ 120 በመቶ ጨምሯል።

ለምን ሠራ? ፈጠን ብዬ ልለፈው። የዚያ አሸዋ ትልቁ ችግር የፎስፈረስ እጥረት ነው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ የቡቃያው ሥር ደግሞ ገና አጭር ነው። አጠገቡ ካስቀመጣችሁለት ያገኘዋል። ናይትሮጂን ግን ከዝናብ ጋር ወደ ታች ስለሚታጠብ፣ የናይትሮጂን ማዳበሪያው ዩሪያ ከተገኘ ቆይቶ፣ ተክሉ ሲጠነክር ይሰጣል። ማዳበሪያው ዘሩን በቀጥታ ከነካው ሊያቃጥለው ስለሚችል ትንሽ አፈር መሃል ይግባ። አለቀ።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ ልምጣ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችኋል፦ «ሳህል በረሃ ነው፣ ችግሩ ዝናብ ነው፣ ማዳበሪያ ያለ ውሃ ምን ይሠራል?» ይህን ማለፍ አልችልም። ሳህል ማለት ኒጀርን ጨምሮ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለው ደረቅ ቀበቶ ነው። ሳዶሬ በአማካይ በዓመት 550 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ የተቆራረጠ ነው፣ ድርቅ የሚመታበትም ዓመት አለ፤ እሱ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማሊ ውስጥ የማሊና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የግጦሽ መሬት ሲያጠኑ ያዩትን ስሙ። ዝናቡ በዓመት ከ300 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ፣ የሣሩን ዕድገት ይበልጥ የሚገታው የውሃ ሳይሆን የናይትሮጂንና የፎስፈረስ እጥረት ነበር። ማለትም ውሃው እያለ ተክሉ አይጠጣውም! የተራበ ብልቱግ ሥሩ ጥልቅ አይሄድም፤ ዝናቡ አልፎት ወደ ታች ይሰርጋል፣ ቅጠሉ አፈሩን ስለማይሸፍን ሌላው ይተናል። ስትመግቡት ሥሩ ይወርዳል፣ በዚያው ዝናብ ብዙ እህል ይሰጣል። ስለዚህ እባካችሁ «ዝናብ የለም» ብላችሁ መሬቱ ላይ አትፍረዱበት።

ግን ጉርሻ ብቻዋን አታኖርም። በእኔ እምነት በዓመት 20 ኪሎ ዳፕ እየሰጡ፣ እህሉንም አገዳውንም ጠርጎ መውሰድ መሬቱን ማራቆት ነው። ፍግ ያስፈልጋል። እዚያ አካባቢ ገበሬዎች በበጋ የአርብቶ አደሮችን ከብት ማሳቸው ላይ ያሳድራሉ። በጣም የምወደው ዘዴ ነው። እበቱ ብቻ ሳይሆን ሽንቱም እዚያው ይቀራል፣ ተሸካሚ አያስፈልግም። ደግሞ ገርቢ አለ፤ ሞጆ አካባቢ የጤፍ ማሳ መሃል ቆሞ የምታዩት ዛፍ። በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሰብሉን አያጠላበትም። ኒጀር ውስጥም በብልቱግ መሃል ይጠብቁታል።

የማዳበሪያው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ቀርቷል። ገበሬዎቹ እህላቸውን መጋዘን አስይዘው እንዴት እንደሚበደሩ በሚቀጥለው ቪዲዮ እነግራችኋለሁ። እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። በስምጥ ሸለቆ አሸዋማ መሬት የምታርሱ ካላችሁ ደግሞ ፍግ በምን ያህል ርቀት ታገኛላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።