«አልገባህም» አትበሉት

አካም ጅርቱ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሚሰማችሁ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ጅማ ናት፣ እስኪያባራ ብጠብቅ ዛሬ አልቀዳም።

ዛሬ የማወራው አርክቲክ መንኪስ ስለሚባለው የሮክ ባንድ የጨረቃ አልበም ነው። ሙሉ ስሙ «ትራንኩዊሊቲ ቤዝ ሆቴል ኤንድ ካሲኖ» ነው፣ ረጅም ስለሆነ እኛ የጨረቃው ነው የምንለው። እኔ በማውቃቸው ሰዎች መሃል እንደዚህ ያጣላ አልበም የለም። ግማሹ የባንዱ ምርጥ ሥራ ነው ይላል፣ ግማሹ እንቅልፍ ማስተኛ ነው ይላል። «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ላልሰማችሁት ቶሎ ልንገራችሁ። ልጆቹ ከእንግሊዝ ናቸው፣ ከሼፊልድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ በላይ ኮፒ ተሸጠ። በ2013 «ኤኤም» መጣ። እሱን እኔ የማውቀው ጊታር የነካ ልጅ ሁሉ ፍላሽ ላይ ነበረው፤ ወፍራም ጊታር፣ ደረት የሚመታ ድራም። ከዚያ አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ግንቦት 3 ቀን 2010 በእኛ፣ ይሄ መጣ። ጊታሩ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ፒያኖው ፊት ተቀምጧል፣ ዘፋኙ አሌክስ ተርነር ደግሞ ጨረቃ ላይ በተሠራ ሆቴል እንግዳ እንደሚያጫውት ዘፋኝ ያንጎራጉራል። የአልበሙ ስምም የመጣው አፖሎ 11 በ1969 ካረፈበት ቦታ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከስጦታ ነው። ተርነር 30 ዓመት ሲሞላው ማናጀሩ ፒያኖ ሰጠው፣ እሱም ዘፈኖቹን እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ጊታር ይዞ ቢሆን ሌላ አልበም ይወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ከአልበሙ በፊት አንድም ዘፈን አስቀድመው አልለቀቁም። ሰው ሁሉ «ኤኤም» ቁጥር ሁለትን እየጠበቀ አዳምጦ ነው ፒያኖ የገጠመው። ቁጣው ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጠቡ። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ሠርግ ላይ ድራም ይመታል። ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ይሄን አልበም ካነሳሁበት ቡናው ይቀዘቅዛል። «አንቺ፣ ማት ሄልደርስን የመሰለ ድራመር ይዘው እንዲህ አስረው ያስቀምጡታል?» ይለኛል። አልበሙን የሚወዱት ሌሎቹ ጓደኞቻችን መልሳቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «አልገባህም፣ ግጥሙን አንብበው።»

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ልጁ ገብቶታል! ከእኛ ሁሉ በላይ ነው የገባው። እኛ ስለ ጨረቃና ስለ ሆቴል ስናወራ እሱ ድራሙ የት እንደሚገባ፣ የት ዝም እንደሚል ቆጥሮ ያውቃል። ሰምቶ፣ መዝኖ፣ አልወደደም። ግጥሙን አንብበው የሚለው ነገር ደግሞ እኛ ሀገር ሌላ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛው ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ «ግጥሙን አንብብ» ሲሉ ውስጥ ውስጡን «እንግሊዝኛህን አሻሽል» ማለት ይሆናል። ሰው ዘፈን ስላልወደደ ትምህርት ቤት አይመለስም።

በተቃራኒው ታላቅ እህቴ አለች። ሮክ የሚባል ነገር ጆሮዋ አይደርስም፣ ባንዱንም አታውቅም። ወጥ እየሠራች ከስፒከር ሰምታ «ይሄ ሰውዬ ማነው፣ ደግመሽ ክፈቺው» አለችኝ። ምንም አልጠበቀችም፣ ስለዚህ ምንም አልጎደለባትም። ዝግ ያለውን ነገር ወደደችው። ጅማ እኮ ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደባት ከተማ ናት፣ ለዝግታማ ባዳ አይደለንም።

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እወደዋለሁ፤ ግን 11ዱንም ዘፈን አይደለም። ከመሃል በኋላ ዜማዎቹ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ፣ ተርነርም ራሱ በራሱ ቀልድ የሚስቅበት ቦታ አለ። ያን ሲሉኝ አልከራከርም። የማልቀበለው «ለገንዘብ ብለው ነው» የሚለውን ነው። ገንዘብ የፈለገ ባንድማ የተሸጠለትን ይደግማል፣ ፒያኖ ይዞ ጨረቃ አይወጣም። ከወጡ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ መሆናቸው፣ ለመርኩሪ ሽልማትም መታጨታቸው ሌላ ነገር ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ደግሞ አለ። «ፎር አውት ኦፍ ፋይቭ» የሚለው ዘፈን ጨረቃ ላይ ስለተከፈተ ምግብ ቤት ነው፤ ከአምስት ኮከብ አራት አግኝቷል እያለ ያስተዋውቃል። ሰው አልበሙ ላይ ኮከብ ሲቆጥር አልበሙ ቀድሞ ኮከብ ቆጣሪውን ይቀልድበታል።

ባለፈው ድራመር ጓደኛዬን «እሺ፣ አንድ ብታስቀር የቱን ታስቀራለህ?» አልኩት። ይሄንኑ «ፎር አውት ኦፍ ፋይቭ»ን መረጠ። መጨረሻው አካባቢ የዜማው ቁልፍ ከፍ ከፍ ሲል «እዚህ ጋ ትንሽ ፈቱለት» አለኝ። አልበሙን ግን ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ ስለው ሁለት ነው ያለኝ፣ ያውም ለእኔ ብሎ። እህቴ አምስት ብላለች፣ የባንዱን ስም ግን እስካሁን አልያዘችውም።

እናንተስ? «ደስ አላለኝም» ብቻ እንዳትሉኝ፣ የትኛው ዘፈን ላይ እንዳጠፋችሁት ንገሩኝ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።