ሶፋ ለመጣል ቀጠሮ

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ቲፕ ነው የምናወራው። ጃፓን ቲፕ የለም፣ አሜሪካ ደግሞ ያለ ቲፕ ንቅንቅ የለም። ሄለን ቶኪዮ ኖራለች፣ እኔ ያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሄሉ፣ ጀምሪ እስቲ።

ሄለን፦ ቆይ ቆይ፣ ያ ከኋላህ ያለው ሶፋ አዲስ ነው?

ብሩክ፦ (ሳቅ) ለእኔ አዲስ ነው። መንገድ ዳር ነው ያገኘሁት፣ «በነጻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት።

ሄለን፦ አንተ! ትኋን ቢኖረውስ?

ብሩክ፦ የለውም ባክሽ። ሜይ ላይ ተማሪዎች ቤት ሲለቁ የዩኒቨርሲቲውን ሰፈር ኮሌጅ ፓርክን አንዴ ብትዞሪ ቤትሽ ሞላ ማለት ነው። ጠረጴዛው፣ መብራቱ፣ መደርደሪያው...

ሄለን፦ ወይ ጉድ! እኔ ቶኪዮ ሶፋ ለመጣል ያየሁትን አሳር ልንገርህ። ቤት ልለቅ ነው። እዚያ ትልቅ ዕቃ ዝም ብለህ አታወጣም። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ትደውላለህ። ሶፋው የአንድ ሰው ነው የሁለት ብለው ይጠይቁሃል። ከዚያ ቀን ይቆርጡልሃል።

ብሩክ፦ ለሶፋ ቀጠሮ?

ሄለን፦ ቀጠሮ! ከዚያ ኮንቢኒ ትሄዳለህ፣ ሌት ተቀን የማትዘጋው ሱቅ። ስቲከር ትገዛለህ።

ብሩክ፦ እንዴ፣ ለመጣል ትከፍያለሽ?

ሄለን፦ ትከፍላለህ። ስምህን ወይ የሰጡህን ቁጥር ትጽፍበትና ሶፋው ላይ ትለጥፋለህ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ደጅ ታወጣዋለህ።

ብሩክ፦ በሐበሻ?

ሄለን፦ በሐበሻ። (ሳቅ) እኔም አወጣሁት። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ቆሻሻ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚጠብቁ። ቁራ ላስቲኩን እንዳይቀደው መረብ ይደረግበታል፣ መረቡን የሚያጥፉት እሳቸው ናቸው። ወጡ። ሶፋውን ዞረው አዩት። ጎንበስ ብለው ስቲከሩን አነበቡት። ከዚያ ራሳቸውን እንደ መስማማት ነቅነቅ አድርገው ገቡ። ብሩኬ ሙት፣ ዲግሪዬን ስቀበል እንደዚያ ደስ አላለኝም!

ብሩክ፦ (ሳቅ) በሶፋ ተመረቅሽ በይኛ።

ሄለን፦ ፍሪጅ ቢሆን ደግሞ በዚህ መንገድ አይወስዱትም። ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ኤሲ፣ በፈረንጅ ከ2001 ጀምሮ የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ የሪሳይክል ክፍያም አለባቸው። የውሃ ፕላስቲክ እንኳ ክዳኑ ለብቻ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ለብቻ፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ለብቻ። ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዚያ ከ40 በላይ ቦታ ነው የሚለዩት!

ብሩክ፦ ከ40 በላይ? እኛ ሁለት በርሜል ነው ያለን፣ እሱንም እናቀላቅለዋለን።

ሄለን፦ መንገድ ላይ ደግሞ መጣያ እንደ ልብ አታገኝም። በ1995 የቶኪዮ ባቡር ውስጥ ሳሪን መርዝ ከተለቀቀ በኋላ ብዙ ቦታ አነሷቸው። ቆሻሻህን በቦርሳህ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። ከተማው ግን ንጹህ ነው።

ብሩክ፦ እኔ ግን አልችልም። አሮጊቷ ቆሻሻዬን እያነበቡ? ነጻነት የለም።

ሄለን፦ እናንተ ጋ ኤች ኦ ኤ የሚሉት የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሣርህ ረዘመ ብሎ ደብዳቤ ይልክ የለ?

ብሩክ፦ እሱ... እሱ ሌላ ነው።

ሄለን፦ ምኑ ነው ሌላ? ያውም ይቀጣሃል! የእኔዋ አሮጊት በዓይን ብቻ ነው።

ብሩክ፦ ዓይን ይብሳል እኮ! ቅጣት ከፍለሽ ትገላገያለሽ። እሺ፣ ቲፕ! ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ቲፕ። የለም። አለቀ።

ብሩክ፦ (ሳቅ) ኧረ ተይ! እኔ አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ኪራይ የከፈልኩት በቲፕ ነው። ለቲፕ ሠራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፣ ከ1991 ጀምሮ! ሰው ቲፕ ሳይተው ሲሄድ ሆዴ ነበር የሚላወሰው።

ሄለን፦ ታዲያ አሠሪው ይክፈላ! ቡና ልገዛ ቆሜ ታብሌቱን ዞር ያደርጉብኛል፣ ቲፕ 18፣ 20፣ 25 በመቶ። ልጅቷ ቆማ ታየኛለች።

ብሩክ፦ አየሽ? ዓይን! ከአሮጊቷ በምን ተለየች?

ሄለን፦ (ሳቅ) ተወኝ እስቲ። ቶኪዮ ዋጋው የተጻፈው ነው፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ደስ ብሎህ ብር ብትተው ረሳህ ብለው ይመልሱልሃል። ብቻ... መጠጥ ቤቶቹ ጋ አንድ ነገር አለ። ገና ስትቀመጥ ያላዘዝከውን ትንሽዬ ሳህን ያመጡልሃል፣ ኦቶሺ ይሉታል። ጎመን ትሆናለች፣ ባቄላ ትሆናለች። ሒሳቡ ላይ ትገባለች።

ብሩክ፦ ያላዘዝሽውን ያስከፍሉሻል?

ሄለን፦ እንደ መቀመጫ ዋጋ ናት።

ብሩክ፦ በቃ፣ ቲፕ አለ ማለት ነው!

ሄለን፦ የለም አልኩህ!

ብሩክ፦ ያላዘዝሽውን ከፍለሽ?

ሄለን፦ በላሁት እኮ!